ቀለሙን ከመፋቅህ በፊት

«ጋሼ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ በቅጥቀጣና ቀለም ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አለቃዬ በ1965 የተሠራ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲኤ ገዝቶ አምጥቷል። በዘመኑ ተወዳድሯል ይባላል። ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ የበሮቹ ግርጌ አብጧል፣ የግራ የኋላ ጎኑ ተገጭቶ በስቱኮ ተሞልቷል። አለቃዬ ‹ከፋብሪካ እንደወጣ አድርግልኝ› ብሎኛል። ቀለሙን በኬሚካል ላስለቅቀው ወይስ በአሸዋ ላስነፋው? ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል።

ከሁለቱ አንዱንም አታድርግ። የቀለም ማስለቀቂያውን ክደነው፣ ኮምፕረሰሩንም አጥፋው። መኪናውን ከእርጥበት ጠብቀህ አቁመውና ለጥቂት ሳምንታት እጅህን ሰብስበህ ዓይንህን ብቻ አሠራ። ይህን ስል ስንፍና እንዳይመስልህ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በመዶሻ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ከአጎቴ ጋራዥ፣ ኋላም እዚህ ሰሜን ጣሊያን። መዶሻ የሚያጠፋውን መዶሻ እንደማይመልሰው የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ከአለቃህ ቃል እንነሳ። «ከፋብሪካ እንደወጣ» የሚለው አነጋገር ለቤተሰብ መኪና ይሠራል። ጂቲኤ ግን ከፋብሪካ የወጣው ሊለወጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1965 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ ከስሙ መጨረሻ ያለችው ፊደል በጣሊያንኛ «የቀለለ» የሚለውን ቃል ትወክል ነበር። መደበኛው ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ የሚለብሰው የብረት ላሜራ ቀርቶ በላዩ አሉሚኒየም ለበሰ፤ ውስጠኛው አጥንት ግን ብረት እንደሆነ ቀረ። በዚህና በሌሎች ቁጠባዎች ክብደቱ ወደ 745 ኪሎ ወረደ፤ ከብረቱ ወንድሙ በ200 ኪሎ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። የውድድር ሕጉ እንዲቀበለው 500 ያህል ተሠሩ። ለመንገድ የተሸጠው 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለውድድር የሚፈለገው ወደ አውቶዴልታ ይሄድና እስከ 170 የፈረስ ጉልበት ደርሶ ይመለሳል። አውቶዴልታ ከፌራሪ በ1961 የወጣው መሐንዲስ ካርሎ ኪቲ ከሉዶቪኮ ኪዞላ ጋር በ1963 ኡዲኔ አጠገብ ያቋቋመው፣ በኋላም ወደ ሚላኖ ዳርቻ የተዛወረው የውድድር ቤት ነው።

እንግዲህ አስበው። አንድ ጂቲኤ በጥር ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ በመጋቢት ሞተሩና መቀመጫው ይለወጣል፤ በዓመቱ ሌላ ባለቤት ፓራፋንጎውን (የጎማውን ጭቃ መከላከያ) አስፍቶ ቀይ ይቀባዋል፤ ከዚያ ይጋጫል፤ ከዚያ አንድ ሰው በስቱኮ ሞልቶ ይሸጠዋል። አለቃህ የሚፈልገው የትኛውን ቀን ነው? መጋቢት 20 ቀን 1966 በሞንዛው የአራት ሰዓት ውድድር አንድሬያ ዴ አዳሚክና ቴዎዶሮ ዜኮሊ አሸንፈው ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ የወጡት በሙሉ ጂቲኤዎች ነበሩ። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ሴብሪንግ ላይ ዮኽን ሪንት በጂቲኤ አንደኛ ወጣ። የእናንተ መኪና ከእነዚያ አንዱ ነው አልልህም፤ አይደለምም አልልህም። ሆኖ ቢገኝ ግን ወደ መሸጫ አዳራሽ መልኩ መመለሱ ማደስ ሳይሆን ማጥፋት ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፉ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 ያጸደቀው፣ የቶሪኖ ቻርተር የሚባል ሰነድ አለ። የሚለው ባጭሩ፦ መጠበቅ ከማደስ ይቀድማል፤ መኪናው በዕድሜው ያገኘው ለውጥም የታሪኩ አካል ነው፤ የምትሠራውን ሁሉ መዝግብ። ወረቀቱን አንብበው። እኔ ግን ትምህርቱን ያገኘሁት ከቻርተር ሳይሆን ከመጥረጊያ ነው።

ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ የአንድ ቀይ የውድድር መኪና በር ተሰጠኝ። ፈጣን መሆኔን ላሳይ ብዬ ኬሚካሉን ደፋሁበትና በአንድ ከሰዓት ብልጭ የሚል አሉሚኒየም አደረግሁት። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ዋና ባለሙያ መጡ። በሩን አላዩትም፤ ጎንበስ ብለው ከወለሉ ላይ የደረቀውን ዝቃጭ በጣታቸው ቆነጠሩ። በቀዩ መሐል ነጭና ጥቁር ቅርፊት ነበረ። ከሦስት ቅብ በታች የውድድር ቁጥሩ ክብ ተኝቶ ኖሯል። ቅርፊቷን ፖስታ ውስጥ ከተቷት፤ ለእኔ መጥረጊያ ሰጡኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቱ የጊዜውን ፎቶግራፍ አገኘ። ቁጥሩ እዚያ ነበረ፣ ጽሕፈቱ በእጅ የተጻፈና ትንሽ ያዘመመ። እኛ ያንን አሳሳል መልሰን ሣልነው፤ የሣልነው ግን የእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ አጀማመርህ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ መኪናው የተባለውን መሆኑን አረጋግጥ፤ ጂቲኤ ዋጋው ስለናረ ከብረቱ ጁሊያ እየተፈበረከ የሚሸጥ ብዙ አለ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ የበሮቹን ቆዳ፣ ፓራፋንጎዎቹን ዳስሳቸው፤ መውደቅ አለበት። ወለሉ ላይና የጎማው ቤት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት። ማግኔት ብቻውን አያድንም፤ ዛሬ አዲስ የአሉሚኒየም ልብስ ተሠርቶ ይሸጣል። የግራ መሪ ባለ 1600 ጂቲኤዎች የሻሲ ቁጥር በ613 ይጀምራል፤ ሞተሩም 00502/A የሚል ምልክት አለው። ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር እይ። ዙሪያው ተሞርዷል? የብየዳ መስመር አለ? የፊደሎቹ ጥልቀት እኩል ነው? ከዚያ ቁጥሩን ይዛችሁ አሬዜ ወደሚገኘው የአልፋ ሮሜዮ መዝገብ ክፍል ጻፉ፤ መኪናው መቼ እንደተሠራ፣ ምን ቀለም እንደነበረ፣ ለማን እንደተላከ የሚገልጽ የትውልድ ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። በ1962 የተቋቋመው፣ የጣሊያን አልፋ ሮሜዮ መዝገብ የሚባለው ማኅበርም ይረዳችኋል። በፓራፋንጎው ላይ ያለችው ባለአራት ቅጠል አረንጓዴ ምልክት ግን ምንም አታረጋግጥም። ኡጎ ሲቮቺ በ1923 ታርጋ ፍሎሪዮን ሲያሸንፍ መኪናው ላይ የነበረችው ናት፤ በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ምልክቷ በሌለበት መኪና ሞተ ይባላል። ታሪኳ ያምራል፤ ዛሬ ግን ማንም ገዝቶ ይለጥፋታል።

ሁለተኛው ሥራ ቀለሙን ማንበብ ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

ያልተገጨና ብዙም የማይታይ ቦታ ምረጥ፤ እኔ የበሩን የኋላ ጠርዝና የኮፈኑን ማዕዘን እወዳለሁ። ሁለት ሺህ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ውሃ፣ አንዲት የሳሙና ጠብታ። በጣትህ ጫፍ፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ ላይ፣ ክብ እያደረግህ እሽ። መሐሉ ቶሎ ይወርዳል፤ ዳሩ ይዘገያል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ስትጠርገው እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታይሃል፦ ከውጭ የመጨረሻው ቀይ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሌላ የጠቆረ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ቅብ፣ መሐል ላይ አሉሚኒየሙ። አጠገቡ መለኪያ አስቀምጠህ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳ። ከዚያ ወደ ሌላው አካል ሂድ። በአንዱ በር አምስት ቀለበት፣ በሌላው ሁለት ብቻ ካገኘህ፣ ሁለተኛው በር በኋላ የተቀየረ ነው። የግራ ጎኑ የተገጨበትንም ዘመን በዚህ ታውቃለህ፤ ስቱኮው ከየትኛው ቀለም በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደሆነ እይ። በበሩ መሐል፣ ቁጥር ይኖራል ተብሎ በሚጠረጠርበት ቦታ፣ ከጎን መብራት አብርተህ ተመልከት፤ የተሸፈነ ክብ ብዙ ጊዜ ዳሩ በቅቡ ውስጥ ቆሞ ጥላ ይጥላል። ካገኘኸው ያንን ከላይ የለበሰ ቅብ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ፣ በሳምንታት ትዕግሥት ታወርደዋለህ።

ኬሚካሉን የከለከልሁህ ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የበሩ አሉሚኒየም በብረቱ ክፈፍ ላይ ታጥፎ ነው የያዘው፤ ፈሳሹ በዚያች እጥፋት ገብቶ ይተኛና አዲሱን ቀለም ከቀባህ ከስድስት ወር በኋላ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አሸዋ ደግሞ ቀጭኑን ላሜራ ይለጥጠዋል፤ ጣሪያው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ቦምብ ቦምብ ማለት ይጀምራል፤ የተለጠጠውን መልሶ መሰብሰብ ደግሞ መከራ ነው።

አሁን ወደ መዶሻህ። የበሮቹ ግርጌ ያበጠው በተራ ዝገት አይደለም። አሉሚኒየምና ብረት ተጣብቀው መሐላቸው ጨዋማ እርጥበት ሲገባ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው ብረታ ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እጥፋቱን ከውስጥ ገፍቶ ይነፋዋል። ከላይ መትተህ ብታስተካክለው ለጥቂት ወር ነው። እጥፋቱን በእንጨት ሽብልቅና በቀጭን ካቻቢቴ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየከፈትህ፣ ውስጡን አጽዳ። ስትመልሰው በሁለቱ መሐል የሚለይ ስስ የኤፖክሲ ቅብ አድርግ። በ1965 እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አልነበረውም፤ እኔ ግን የማይታይና መኪናውን የሚያቆይ ነገር ሲሆን ያለ ጭንቀት አደርገዋለሁ፣ በመዝገቡም እጽፈዋለሁ።

የተገጨው ጎን ስቱኮው ሲወርድ ምናልባት ከምትፈራው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ላሜራው ፔራሉማን የሚባል፣ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው፤ በተመታ ቁጥር ይጠጥራል፣ ጠጥሮ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በእሳት ማለስለስ ያሻል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ግሎ አይቀላም፤ ሳይቀላ በድንገት ቀልጦ ይወርዳል። የእኛ ቴርሞሜትር ሳሙና ነው። ደረቅ የልብስ ሳሙና ላሜራው ላይ እሽበት፤ የጋዙን ነበልባል ለስላሳ አድርገህ፣ አንድ ቦታ ሳታቆም፣ እንደ ብሩሽ አመላልሰው። ሳሙናው መጀመሪያ ይቢጫል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ወደ ጥቁር ሲያመራ ነበልባሉን አንሣ። ሲቀዘቅዝ በአውራ ጣትህ ስትጫነው እሺ ይልሃል። በአሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ከሥሩ፣ ከላይ የእንጨት መዶሻ፤ ከዳር ወደ መሐል። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ በብረት ላይ የለመደው ኃይለኛ ምት እዚህ አይሠራም፤ ድምፁ መለወጥ ሲጀምር ጠጥሯል ማለት ነውና እንደገና ሳሙናህን አንሣ። ቀዳዳ ካለ በጋዝ በየደው፤ የብየዳ ዘንግህን ከዚያው ዓይነት ላሜራ በቀጭኑ ቁረጥ። የመበየጃ ዱቄት ከተጠቀምህ በኋላ በፈላ ውሃና በብሩሽ አጥበው፤ የቀረ ዱቄት ላሜራውን ይበላዋል።

ሪቬቶቹን፣ ማለትም ላሜራውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙትን ምስማሮች፣ በተመለከተ አንድ ምክር ጆሮህ ላይ ላንጠልጥል። በጎማው ቤት ውስጥ ስትመለከት ርቀታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ያዘመመ፣ አንዱ ሁለቴ የተመታ ሊሆን ይችላል። እንዳታስተካክለው! የውድድር ቤት ሰዎች ለእሑድ የሚደርስ መኪና እንጂ ጌጥ አልሠሩም። የበሩ ክፍተት በሁሉም በኩል እንደ ዘመናዊ መኪና ትክክል ከሆነ ያ መኪና እየዋሸ ነው። አበው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚሉት ለእኛ ሙያም ይሠራል። ከማፍረስህ በፊት የእያንዳንዱን ሪቬት ቦታ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ገልብጥ።

ማግኒዚየም የሚፈራ ነገር ነው። ክብደት ለመቀነስ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን፣ የዘይት ቋቱ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ የካምፓኞሎ ቸርኬዎቹም ከማግኒዚየም ቅይጥ ተሠርተዋል። ነጭ ዱቄት ሲያወጡ ታያለህ። በአሲድ አታጥባቸው። በመፍጫ ድንጋይ አትሞርዳቸው፤ ብናኙ ከተቀጣጠለ ውሃ እሳቱን ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብህ ይኑር። ቸርኬዎቹን ቀይ ፈሳሽ ቀብቶ ነጭ ዱቄት በመንፋት ስንጥቅ የሚያወጣው ምርመራ ይደረግላቸው። ንጹሕ ሆነው ቢገኙ እንኳ የስልሳ ዓመት ማግኒዚየም ላይ ሰው አላስቀምጥም፤ አሮጌዎቹን ለኤግዚቢሽን ጠብቁ፣ ለመንዳት አዲስ ይገዛ። በፍሬን ቱቦዎች፣ በነዳጅ ጎማዎችና በቀበቶ ላይም ያው ነው፦ ለሕይወት የሚያሰጋውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ቀይር፣ አሮጌውን በሣጥን ስም ጽፈህ አስቀምጥ።

ሞተሩን ለሞተር ሰው ተውለት። 1570 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ካንዴላ ነው። ቫልቮቹ ስለተስፋፉ ለመሐለኛው ካንዴላ ቦታ ስላልቀረ ነው ሁለት ሁለት የሆኑት። ሁለት ዌበር 45 ካርቡራተር አለው። ቴስታታው የራሱ ከሆነ ከወርቅ ጠብቁት፤ ፒስተን ግን ያልቃል፣ ያለቀ ይቀየራል፣ ማንም አይከሳችሁም።

ዕድሜ ያቢጫቸውን የፕላስቲክ መስኮቶች አትጣል። ስሱን የበር እጀታም እንዲሁ።

(በነገራችን ላይ፣ እዚያ ካሉት ሠራተኞች ሁሉ አንተ አንድ ብልጫ አለህ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ስቱኮ፣ ካቻቢቴ፤ አባቶቻችን ከጣሊያኖቹ ጋራዦች ወስደው አማርኛ ያደረጉት ቃል ነው። የፋብሪካውን መመሪያ በጣሊያንኛ ስትከፍት የምታውቃቸው ሰዎች የተሰበሰቡበት ሠርግ ቤት እንደገባህ ይሰማሃል።)

አለቃህን ማሳመን ከቅጥቀጣው የከበደ ሊሆን ይችላል። ክርክር አትግጠም፤ ቀለበቶቹን በፎቶ አሳየው። ገንዘብ የሚገባው ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን ንገረው፦ ለአሥርተ ዓመታት በጎተራ ተረስቶ፣ መጽሔት ተከምሮበት የተገኘ አንድ የፌራሪ ካሊፎርኒያ ስፓይደር በየካቲት 2015 ፓሪስ ውስጥ ከነአቧራው ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጧል። ማንም አጥቦ አላቀረበውም። የሚያብረቀርቅ መኪና በማንኛውም ጊዜ መሥራት ይቻላል፤ ያልተነካ ቅብ ግን አንዴ ከወረደ ወረደ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማስረጃ የምታገኙለትን፣ መኪናው በትክክል የተወዳደረበትን ዘመን ምረጡ፤ በዚያ ላይ አቁሙት። የዚያ ዘመን ቀለም ሰባ በመቶ እንኳ ከተረፈ የተሰነጣጠቀውን አጠንክራችሁ፣ የጎደለውን ብቻ ሞልታችሁ፣ በሰም ጠብቁት። ምንም ካልተረፈ ያኔ እንደገና ቀቡት፤ ያም ሆኖ ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ የመዳፍ ያህል አሮጌ ቅብ ሳይነካ ይቅር። አለቃህ ሊወዳደርበት ካሰበ ደግሞ የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን የዘመኑን የማጽደቂያ ሰነድ ይዞ ነው የሚመረምረው፤ ሰነዱን ከሥራው በፊት እንጂ ከሥራው በኋላ አትፈልጉት።

ለአሁኑ ሦስት ፎቶ ላክልኝ፦ የሻሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በጎን ብርሃን፣ የቀኝ የኋላ ጎማ ቤት ውስጡ ሪቬቶቹ እንዲታዩ፣ እና የመጀመሪያዋ የሳንቲም ስፋት ቀለበትህ። ከግራው በር አትጀምር፤ እሱ ላይ ቁጥር ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ።